ጀጎልን በእግር ለሚዞር እንግዳ

ተወልጄ ያደግሁት በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በዚህም የተነሣ ወደ ሐረር የሚመጣ ዘመድም ሆነ የሥራ ባልደረባ ከመነሣቱ በፊት የሚደውለው ለእኔ ነው። የአብዛኞቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ ተነሥተን፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አይተን፣ በማግሥቱ ማለዳ ብንመለስ ይበቃናል ወይ ይሉኛል። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አይበቃም የሚል ነው። ጅቡን ማየት ደስ የሚል ነገር መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ጀጎል ከሁሉ በፊት ሰው የሚኖርበት፣ የሚነግድበት፣ የሚጸልይበትና ልጅ የሚያሳድግበት ሰፈር ነው። ይህን ሰፈር በቅጡ ለማየት ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ የሚመች ጫማና ሰላምታ የማይነፍግ አንደበት ያስፈልጋል። እንግዶቼን ይዤ ስዞር የትኛው መንገድ እንደሚቀና፣ የትኛው ሰዓት ለምን እንደሚመች፣ ምን ቢደረግ የቤቱን ባለቤት እንደሚያስደስትና ምን ቢደረግ እንደሚያስከፋ ያየሁትን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አስፍሬዋለሁ።

አብዛኛው ሰው በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የድሬዳዋን ሙቀት ያየ እንግዳ ሐረርም እንደዚያው ይመስለውና ቀለል ያለ ልብስ ብቻ ይዞ ይመጣል። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ማታ ማታ ይበርዳልና ጃኬት ወይም ጋቢ መያዝ ይገባል። ማደሪያን በተመለከተ፣ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሆቴሎች አሉ፤ የእኔ ምክር ግን ቢያንስ አንዱን ሌሊት በጀጎል ውስጥ፣ እንግዳ ከሚቀበሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች በአንዱ እንዲያድሩ ነው። በእነዚህ ቤቶች ያሉት ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። በከተማችን ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ባለቤቶቹ በጀሪካንና በበርሜል ያጠራቀሙትን ውኃ እንግዳው ቆጥቦ ቢጠቀምበት ትልቅ ውለታ ነው።

ጀጎልን የከበበው ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ነው። በግንቡ ላይ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሁለት ሁለት መጠሪያ ስላላቸው መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ሁለቱንም ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር፣ አርጎብ በሪ የሚሉት ኤረር በር፣ ሱቁጣት በሪ የሚሉት ሳንጋ በር፣ በድሪ በሪ የሚሉት ቡዳ በር፣ አስማዲን በሪ የሚሉት ደግሞ ሸዋ በር ነው። ስድስተኛውና ሰፊው ሐረር በር ዘግይቶ ለመኪና መግቢያ የተከፈተ ሲሆን፣ ከእርሱ ተነሥቶ ቀጥ ያለው ዋና መንገድ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። ሁሉም እንግዳ ማለት ይቻላል የሚገባው በዚህ በር ነው፤ እኔ ግን እንግዶቼን በዚያ አላስገባም።

ማለዳ ባጃጅ ይዘን በግንቡ ውጭ ዞረን ኤረር በር እንወርዳለን። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ከተማው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወደ ኤረር ሸለቆ ያዘቀዘቀ ስለሆነ፣ ዳገቱን ጉልበት ሳይዝል፣ ፀሐይም ሳይከር መጨረስ ይሻላል፤ የጠዋቱም ፀሐይ ከጀርባ ስለሚሆን የግድግዳዎቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ሮዝ ቀለም ከነሙሉ ድምቀቱ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ በር ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ እናቶች ማገዶ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲገቡ አብሮ መግባት ይቻላል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው እየተባለ ይነገራል፤ እኔን ግን ከበርተን ይልቅ የሚስበኝ ሸክሟን እንደያዘች ከማታውቀው ሰው ጋር ሰላምታ የምትለዋወጠው ሴት ናት። እዚህ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ እንደ ንቀት ይቆጠራል። አሰላሙ አለይኩም ማለት፣ ወይም በአማርኛ እንዴት አደሩ ማለት ይበቃል፤ የጀጎል ሰው ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ የሚናገር ስለሆነ የትኛውም ቋንቋ መልስ አያጣም።

ዳገቱ የሚያደርሰው ጊድር መጋላ ነው፤ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። በዙሪያው ቅመም፣ ዕጣን፣ ሽንኩርት፣ ማንጎና ጫት በየመደባቸው ይሸጣሉ፤ በመካከሉ ደግሞ የሥጋ መሸጫው አለ፤ የበሬና የፍየል ብቻ ሳይሆን የግመል ሥጋም ይገኛል። ከሥጋ መሸጫው ጣሪያ በላይ ጭልፊቶች ሳያቋርጡ ይዞራሉ። ሥጋ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው እጁን ወደ ደረቱ ሰብሰብ የሚያደርገው እነርሱን ፈርቶ ነው፤ ጭልፊቱ ከላይ ተወርውሮ ከእጅ ላይ ነጥቆ ለመሄድ ዓይን እስኪገለጥ እንኳ ጊዜ አይሰጥምና እንግዳውም ሳምቡሳውን ይዞ ሲቆም ቢጠነቀቅ ይሻላል። ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው በዚህ ገበያ ውስጥ አስቀድሞ ይጠይቅ። መደብ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን በሻሽ የሚሸፍኑት እምቢ ማለታቸው ነው፤ ከእነርሱ ሁለት ማንጎ ገዝቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ጥቂት አውርቶ የጠየቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል።

ከጊድር መጋላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያለ ዕቅድ በጠባብ መንገዶቹ ውስጥ መንከራተትን እመክራለሁ። አንዳንዶቹ መንገዶች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም አንድ ግቢ በር ላይ ደርሰው ያበቃሉ። መጥፋት አያስፈራም፤ ጠቅላላው ጀጎል 50 ሄክታር የማይሞላ በመሆኑ ቁልቁል የወረደ ወይም ሽቅብ የወጣ ሰው ጥቂት ቆይቶ ወይ ግንቡን ወይ ዋናውን መንገድ ማግኘቱ አይቀርም። በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የቅዱሳን ሰዎች መታሰቢያ ቦታዎች፣ እንዳሉ ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያሰፈረው ነው። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው። አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዓይኑን ያልገለጠ ሰው መኖሪያ ቤት መስለውት ያልፋቸዋል። ትልቁ የጃሚዕ መስጊድ ነው፤ ሙስሊም ያልሆነ እንግዳ ከውጭ ሆኖ ማየት ይበቃዋል፤ በተለይ አርብ በጁምዓ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ ካሜራ መደቀን አይገባም። የአሚር ኑር መቃብርም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጉልላቱ ላይ ድንጋዮች እንደ እሾህ የተተከሉበት በመሆኑ ካዩት አይረሳም። የአው አባድርን አዋች ለማየት የሚፈልግ ሰው ጠባቂዎቹን አስፈቅዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሴት ከሆነች ፀጉሯን ሸፍና ይግባ፤ ሲወጡም በልማዱ መሠረት ጥቂት ገንዘብ መስጠት ደግ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ፤ ምክንያቱም በእኔ አስተያየት ጀጎልን አየሁ ለማለት የሐረሪ ቤት ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። ከመንገድ ላይ የሚታየው የድንጋይ ግድግዳና የእንጨት በር ብቻ ነው፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ግቢ አለ፣ በግቢው ውስጥም ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የሆኑ ሁለት ሦስት ቤቶች ይገኛሉ። ሐረሪዎች ጌ ጋር በሚሉት በዚህ ቤት ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበር የለም፤ ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ ብሎ በአምስት መደቦች የተከፈለ ነው። መደቡ ነደባ ይባላል። ከፍ ያለውና በሩን የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የተከበረ እንግዳ መቀመጫ ነው፤ ጊድር ነደባ ሰፊው መደብ ሲሆን አብዛኛው እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ትት ነደባ አለ፤ ሱትሪ ነደባና ገብቲ አኸር ነደባ ደግሞ ገለል ያሉ ናቸው። ስለዚህ እንግዳ ሲገባ ቦታ መርጦ አይቀመጥም፤ ጫማውን አውልቆ፣ እዚህ ይሁኑ እስኪባል ይቆማል። ይህን የሚያውቅ እንግዳ ገና ከበሩ ላይ ይወደዳል።

የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ ሽማግሌዎች ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ በላዩ ላይ ስፌቶች ከላይ እስከ ታች በመስመር ተሰቅለዋል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ደግሞ ቅዱስ ቁርኣን፣ ሰሃንና የእንጨት ገበታ ይይዛሉ። ከመግቢያው በር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሰቅሎ ካዩ ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለችው ምልክት ነው። በአንድ ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ በድሮው ልማድ አዲስ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ለሳምንታት የምትቆየው በእርሷ ውስጥ ነበር፤ ምግብም የምትቀበለው በክፍሏ መስኮት ነበር። እንግዶቼ ብዙ ጊዜ የሚዘገዩት እዚህች ክፍል በር ላይ ነው፤ እናቶቹም ደስ ብሏቸው የራሳቸውን ሠርግ የሚተርኩት እዚሁ ቆመው ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉብኝት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ አይስጡ፤ ቡና ከቀረበ እስከ ሦስተኛው ይቆዩ። ለጉብኝት ክፍት የሆኑት ቤቶች ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ቤቱን ማደስ ብዙ ወጪ አለውና ይህን ገንዘብ ሳያጉረመርሙ መክፈል ይገባል። በየዓመቱ የድንጋዩ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን፣ የጭቃው ጣሪያ በቆርቆሮ ሲለወጥ የማይ ሰው በመሆኔ፣ ቤቱን እንደነበረ ለሚጠብቅ ቤተሰብ የሚከፈል ብር የሚያስደስተኝን ያህል ሌላ ወጪ አያስደስተኝም።

ከጊድር መጋላ ወደ ፈረስ መጋላ የሚወጣው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በግራና በቀኝ የጨርቅ ሱቆች ተደርድረዋል፤ በየሱቁ ደጃፍ ልብስ ሰፊው በእግር የሚረገጥ መኪናውን ይዞ ተቀምጧል፤ ጨርቁን ከሱቁ የገዛ ሰው ዞር ብሎ ለሰፊው ይሰጣል። አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴ ልጅ ጠዋት ጨርቅ መርጣ፣ እዚያው በሜትር ተለክታ፣ በዚያው ዕለት ማታ ቀሚሷን ለብሳ እራት በልታለች። እንዲህ ማሠራት የሚፈልግ ሰው በጠዋት ይስጥ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ይነጋገር፣ የሚለካ ልብስም ይዞ ይምጣ። ሰፊው እየሠራ ሳለ አጠገቡ ቆሞ ማውራት ይቻላል፤ እጁ ግን አይቆምም።

ፈረስ መጋላ አደባባዩ ነው፤ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውም እዚሁ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የአዛኑን ድምፅ ተከታትሎ መስማት ለእኔ የልጅነቴ ማለዳ ነው። ከዚያ ጥቂት ገባ ብሎ የራምቦ ቤት የሚባለው ፎቅ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር፤ ይህን ቤት ግን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ቤቱም ከራምቦ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ቢሆንም መግባት ይጠቅማል፤ የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉት፤ ከላይኛው ፎቅ መስኮትም የጀጎል ጣሪያዎች ይታያሉ። ከእርሱ አቅራቢያ ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም በሕንዶች አሠራር የተሠራ ሲሆን፣ አሁን በውስጡ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ያሰባሰቡት ሙዚየም ይገኛል። የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ ጎራዴዎችና የድሮ የድምፅ ቅጂዎች አሉ። ጊዜ ያነሰው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ከተባልኩ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ትጋት ለከተማው ያቆየለትን ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያልና።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይቀዘቅዛል። ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰውም ወደ በርጫው ይገባል፤ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ሱቅ ለሱቅ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ይህን ሰዓት ለምሳና ለዕረፍት ያውሉት። ቁርስን ግን በጠዋት ፈረስ መጋላ አካባቢ ባሉት ትንንሽ ቤቶች ፉል ወይም እንቁላል ገብቶበት የሚጠበስ ፈቲራ ቢበሉ አይቆጩም፤ ከዚያም ከቡና ገለፈት በወተት የሚፈላውን ሆጃ ይጠጡ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ይገኛል፤ ይህ ግን በአብዛኛው በየቤቱ የሚጠጣ ነው። በሐረሪ ቤት ለምሳ የተጋበዘ ሰው ከአብሽ የሚሠራውን ሁልበት መረቅ ሳይቀምስ አይነሣ። ቡና ለመግዛት ደግሞ ጀጎል ውስጥ ወደሚቆሉት ቤቶች መሄድ ነው፤ መንገዱን ሽታው ያሳያል። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ጣዕሙ ከታጠበው ቡና ይለያል፤ ፊትዎ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶም ሆነ ሳይፈጭ፣ ትኩሱን ይውሰዱ።

ስፌት የሚገዛ ሰው ደግሞ ከመከራከሩ በፊት ሥራውን ቀረብ ብሎ ይመልከት። ጥሩ ስፌት አክርማው በስንደዶው ላይ ተጠባብቆ ስለሚጠመጠም ብርሃን ላይ ሲይዙት ቀዳዳ አያሳይም፤ የዙሪያው ጥለትም የሚገናኘው ምንም ሳይዛነፍ ነው። እንዲህ ያለው ወራት የሚወስድ የእጅ ሥራ ነው፤ በተጠየቀው ዋጋ ጥቂት ማስቀነስ ያለ ነው፣ በግማሽ ስጪኝ ማለት ግን ሴትየዋን ማሳዘን ነው። አስጎብኚ ከፈለጉ መታወቂያ ያለውን ይያዙ፤ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሚገቡባቸውን ቤቶች ከመነሣት በፊት ይስማሙ፤ ከኋላ የሚከተሉ ልጆችን በገንዘብ ማለማመድ ግን ትምህርት ቤት እንዳይውሉ ስለሚያደርግ እባክዎ ይተዉት።

ጅቡን ለሁለተኛው ቀን ማታ አቆየዋለሁ፤ ጀጎልን ቀን ያየ ሰው ምገባውን የሚረዳው በሌላ ዓይን ነው። በግንቡ ሥር ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ የሥጋ ትራፊውን ጠርጎ ይወጣል። በአሹራ ዕለትም ቅቤ የገባበት ገንፎ የሚቀርብለት ልማድ አለ። ምገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ በፈላና በር በኩልና በምሥራቁ በኩል ከግንቡ ውጭ ይደረጋል፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ጅብ መጋቢው በስማቸው ሲጠራቸው ከጨለማው አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ የሚፈልግ እንግዳ ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አድርጎ ማጉረስ ይችላል። የስልክ ፍላሽ አያብሩ፣ አይሩጡ፣ ልጅ ከያዙ እጁን አይልቀቁ፤ ክፍያውንም ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ። ሲመለሱ በባጃጅ ይመለሱ።

ቀን መምረጥ የሚችል ሰው ደግሞ ለሸዋሊድ ይምጣ። ረመዳን አልቆ፣ ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ከተፈጸመ በኋላ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሌሊቱን ሙሉ በከበሮና በዝክር ዜማ ነው የሚታደረው፤ ሴቶቹ በባህል ልብሳቸው ሲወጡ ጎዳናው ይለወጣል። በዚያ ሳምንት ጀጎል ውስጥ አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ገና ረመዳን ሲገባ ደውለው ይያዙ። በረመዳን ራሱ የሚመጣ እንግዳ ቀን ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት ተዘግቶ እንደሚያገኝ ይወቅ፤ በአፍጥር ሰዓት ግን በየበሩ ሳምቡሳና ቴምር ይዘው ግባ የሚሉት ሰዎች ስለሚበዙ፣ እምቢ ሳይሉ ገብተው ይቀመጡ።